ወደ ፍል ውሃው የሚወስደው መንገድ

አምቦን ከመኳንንቱ በፊት ያወቋት ከብቶች ናቸው። የሜጫ እረኛ መንጋውን ወደ ሆራ ነድቶ፣ ያንን ከመሬት እየተፍለቀለቀ የሚወጣ፣ ምላስ የሚቆነጥጥና አፍንጫ የሚኮረኩር ውሃ አጠጥቶ ሲመለስ ኖሯል። ኋላ ወገቡን የቆረጠው፣ ሆዱን የነፋው ሁሉ በበቅሎም በቃሬዛም ወደዚያው ይወርድ ጀመር፤ በነገሥታቱ ዘመን ከተማዪቱ «ሀገረ ሕይወት» ተባለች። ስሙ ለውሃው የተሰጠ ነው። እኔን ግን ይህ ስም በተነሣ ቁጥር የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ ከእንጦጦ ተነሥቶ፣ በቅሎ ላይ ከተቀመጠው ጌታው ኋላ ኋላ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ተጉዞ አምቦ የደረሰ አሽከር ጤናውን ያገኘው ከውሃው ነው ከመንገዱ?

ቀልድ ይመስላል እንጂ በዚያው ዘመን በሌላ አገር ሐኪሞች የተከራከሩበት ጉዳይ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፊንፊኔ ፍል ውሃ ወርደው አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት በ1879 ዓ.ም. ገደማ፣ ጀርመን ውስጥ ናውሃይም የምትባል እንደ አምቦ ጋዝ ያለው ውሃ የምታፈልቅ ከተማ ነበረች። እዚያ አውጉስትና ቴዮዶር ሾት የተባሉ ወንድማማች ሐኪሞች የልብ ሕመምተኞችን በዚያ ውሃ ይነክሩ ነበር። ከመንከሩ ጋር አንድ ነገር ጨመሩ፦ ረዳቱ የሕመምተኛውን ክንድ በቀስታ ይዞ ይመልሳል፣ ሕመምተኛው ደግሞ በቀስታ ይገፋል። በየቀኑ ጥቂት፣ በየቀኑ ከትናንቱ ጥቂት ጨመር። የሙኒኩ ሐኪም ማክስ ዮሴፍ ኧርቴል ከዚህም አልፎ ሕመምተኞቹን ዳገት ያስወጣቸው ጀመር፤ መንገዶቹን በአቀበታቸው ልክ ከፋፍሎ፣ አንዱ የለመደውን ትቶ ወደ ባሰው እንዲሸጋገር እያደረገ። የልብ ሕመምተኛ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ መስኮት ተዘግቶበት፣ ሾርባ እየተጎነጨ መክረም አለበት በሚባልበት ጊዜ ይህ ድፍረት ነበር። እርግጥ ፍንጩ የቆየ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊ ሐኪም ዊልያም ሄበርደን፣ ደረቱን ያመው የነበረ አንድ ሰው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንጨት በመጋዝ እየሰነጠቀ ለመዳን መቃረቡን ጽፎ ነበር። ማንም ልብ አላለውም።

እ.ኤ.አ. በ1899 ነገሩ ወደ ስዊድን ተሻገረ። በኡፕሳላ ሄንሸን የተባለ ፕሮፌሰር በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ተወዳዳሪዎችን ደረት ከውድድር በፊትና በኋላ በጣቱ እያንኳኳ የልባቸውን ወሰን ለካ። ያኔ ራጅ ገና ብርቅ ነው፤ መሣሪያው ጣትና ጆሮ ብቻ ነው። የተወዳዳሪዎቹ ልብ ከሌላው ሰው ልብ ሰፍቶ አገኘው፤ ይህም ልብ ብዙ ሥራ የሚችል እንጂ የታመመ አይደለም ብሎ ደመደመ። ባልደረቦቹ ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። የሰፋ ልብ ለእነሱ የደከመ ልብ ነው፤ «የስፖርተኛ ልብ» የሚለው ስም ለአሠርት ዓመታት እንደ በሽታ ስም ሲነገር ቆየ።

ሌሎች ስዊድናውያን ኋላ በምዕራብ ሸዋ መንገድ ላይ ይገጥሙናል። አምቦ ውሃ እ.ኤ.አ. በ1930 በጠርሙስ መታሸግ በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ሆለታ ገነት ላይ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አሠልጣኞቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ዕጩ መኮንኖቹ ገና ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጣልያን ደረሰ።

በ1928 ዓ.ም. ክረምት ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሆኑ፤ አንዱ ሌላውን አያውቀውም። በካናዳ፣ ሞንትሪያል፣ ሃንስ ሴልዬ የተባለ ተመራማሪ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ገጽ የማትሞላ ደብዳቤ አወጣ። አይጦችን በብርድ፣ በድካም፣ በመርዝ ሲያስጨንቃቸው፣ ጭንቀቱ ምንም ዓይነት ይሁን ሰውነታቸው በተመሳሳይ መንገድ እንደሚመልስ አየ። መጀመሪያ ይደነግጣል። ከዚያ ይለምደዋል፣ ይቋቋመዋል። ጭንቀቱ ካላባራ ግን ያ የለመደው አቅም ያልቅና ይወድቃል። ዛሬ በየቢሮው «ስትረስ አለብኝ» የምንለው ቃል በሕክምና ትርጉሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ሥራ ነው፤ ከሦስቱ ደረጃዎች ሁለተኛውን፣ ማለትም መልመዱን፣ ግን ሁላችንም ረስተነዋል።

በዚያው ክረምት በጊንጪ አካባቢ፣ ዩብዶ የተወለደ የ15 ዓመት ልጅ ጫካ ገባ። ስሙ ጃገማ ኬሎ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሌሊቱን በእግር፣ ቀኑን አድፍጦ፣ ዝናብና ረኃብ ሲፈራረቁበት ሸዋን ከጣልያን ጋር ተናነቀባት። «የበጋው መብረቅ» ያሉት ለዚህ ነው። ሌተና ጄኔራል ሆኖ፣ አርጅቶ፣ በ2009 ዓ.ም. በ96 ዓመቱ አረፈ። ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ «ይኸውልህ፣ የጫካ እግር ዕድሜ ይሰጣል!» ይሉኛል። እኔ አልቸኩልም። አብረውት ጫካ ከገቡት ስንቱ በጥይት፣ ስንቱ በተስቦ አለቀ፤ የሚቆጠርልን የተረፈው ነው። አንድ ሽማግሌ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃ ብዙ ሰው ይፈልጋል።

ብዙ ሰው የተገኘው በለንደን አውቶቡስ ላይ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የልብ ሕመም ድንገት ለምን እንደበዛ ሲያስብ፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቀይ አውቶቡሶች ዓይኑን ያዙት። በአንድ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሰው ይሠራል፦ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጧል፤ ቲኬት ቆራጩ ደግሞ በቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣል ይወርዳል። ሁለቱም የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች፣ የአንድ ሰፈር ልጆች፣ ተመሳሳይ ደመወዝተኞች ናቸው። ሞሪስ ወደ 31,000 የሚደርሱ ሠራተኞችን መዝገብ አገላብጦ እ.ኤ.አ. በ1953 ውጤቱን ይፋ አደረገ፦ ቲኬት ቆራጮቹ በልብ ሕመም የሚያዙት ከሹፌሮቹ ባነሰ ቁጥር ነው፤ ሲያዙም ዘግይተው ነው፣ ከያዛቸውም በኋላ የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ነው። ተቺዎች «ሹፌሮቹ ሲቀጠሩም ወፍራሞች ኖረው ይሆናል» አሉት። ሞሪስ የደንብ ልብሳቸውን የወገብ ልክ ከመሥሪያ ቤቱ ልብስ ሰፊዎች አስመጥቶ አየ። እውነትም ሹፌሮቹ ሰፋ ያለ ወገብ ነበራቸው፤ ነገር ግን ቀጭን ሹፌርም ከቀጭን ቲኬት ቆራጭ ይልቅ ይታመም ነበር። ይህን ሰው የምወደው ስለ ሱሪ ቁጥር በማሰቡ ነው።

ወደ እኛው አገር ስንመለስ፣ በ1938 ዓ.ም. ገደማ ሌላ ስዊድናዊ መጥቶ ነበር፤ ኦኒ ኒስካነን። ክብር ዘበኛን ሰውነት ማጠንከር አሠለጠነ። ከሠልጣኞቹ አንዱ አበበ ቢቂላ ነው። ኒስካነን ወታደሮቹን በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ አቀበቶች ላይ አስሮጠ፣ አሳረፈ፣ እንደገና አስሮጠ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ በሮም አውራ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ሲያበቃ የሰውነት ማፍታቻ እንቅስቃሴ መሥራቱን ያዩ ጋዜጠኞች አፋቸውን ያዙ።

በዚያው ሰሞን ቦስተን ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ሯጭ ልብ ሐኪሞች ፊት ተዘርግቶ ነበር። ክላረንስ ዴማር የቦስተን ማራቶንን ሰባት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ባሸነፈበት እ.ኤ.አ. በ1911 አንድ ሐኪም ደረቱን አዳምጦ፣ ልብህ ደህና ድምፅ የለውም፣ ሩጫውን ብትተው ይሻላል ብሎት ነበር፤ ያው የድሮው የ«ስፖርተኛ ልብ» ፍርሃት። አልተወም፤ ሊሞት እስኪቃረብ ሮጠ። በ1958 በ70 ዓመቱ በአንጀት ካንሰር ሲሞት አስከሬኑ ተመረመረ። ከመርማሪዎቹ አንዱ የዘመኑ ስመ ጥር የልብ ሐኪም ፖል ደድሊ ዋይት ነበር። ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች ከሌላው ሰው ሁለት ሦስት እጥፍ ሰፍተው ተገኙ። በሥሮቹ ግድግዳ ላይ እንደማንኛውም አዛውንት ስብ ተለጥፏል፤ ግን ቧንቧው እንዲያ ሰፊ ስለሆነ ደሙ እንደልቡ ያልፋል። ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። ሩጫው ዝገቱን አላስቀረለትም፤ መንገዱን ነው ያሰፋለት።

በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ የልማዱን ዋጋ ለዓለም አሳየች። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ከአምቦ እምብዛም አትበልጥም። ከቆላና ከባሕር ዳር የመጡት ሯጮች አየሩ አጥሯቸው ሲንገዳገዱ የደጋ ልጆች በረጃጅሙ ሩጫ ነገሡ። ጥቅምት 10 ቀን በማራቶኑ አበበ እግሩ ተጎድቶ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቋርጥ፣ ማሞ ወልዴ በ36 ዓመቱ ወርቁን ወሰደ፤ ሁለተኛውን በሦስት ደቂቃ በልጦ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ሯጭ ሁሉ ተራራ ፍለጋ ወጣ።

ጥያቄው ግን ከሜዳሊያ ወደ ላቦራቶሪ ተሻግሮ ነበር። ሞስኮ ውስጥ ፊሊክስ ሜየርሶን የተባለ ተመራማሪ እንስሳትን በደጋ አየርና በጭንቀት በትንሽ በትንሹ አስለምዶ፣ ከዚያ ልባቸው ላይ ብርቱ ጉዳት ሲደርስ ካልለመዱት ይልቅ እንደሚችሉት አሳየ። ሴልዬ የተናገረለት ሁለተኛው ደረጃ ይኸው በልብ ላይ ተገኘ። ለምን? የሚለው ግን ገና ነበር።

መልሱ ከፊሉ በስሕተት መጣ። ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን፣ ሮበርት ፈርችጎት የጥንቸል የደም ሥር ቁራጭ ላይ አንድ መድኃኒት ሲያንጠባጥብ፣ ሥሩ ይኮማተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ ቀን ረዳቱ የሙከራውን ቅደም ተከተል አሳስቶ ሲሠራ፣ ያው መድኃኒት ሥሩን አፍታታው። ፈርችጎት አልተቆጣም፤ ምክንያቱን ፈለገ። ለካ ቀድሞ ሥሩን ሲያዘጋጁ የውስጥ ገጹን እያሻሹ፣ ከወረቀት የሳሳችዋን ሽፋን ይልጧት ኖሯል። ሥሩን የምታዝዘው እሷ ናት። በ1980 ይህን አሳተመ፤ ኋላ ሽፋኗ የምትልከው መልእክተኛ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ መሆኑ ታወቀ፣ በ1998ም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል አሸለመው።

ይህን ወደ አቀበቱ እንመልሰው። ሰው ዳገት ሲወጣ ልቡ ደሙን በኃይል ይገፋል። ደሙ በዚያች ስስ ሽፋን ላይ እየተፋተገ ያልፋል። ፍትጊያው ለሽፋኗ ትእዛዝ ነው፦ ጋዙን ትለቃለች፣ ሥሩ ይሰፋል፣ ግፊቱ ይበርዳል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሥሩ ራሱን አድሶ እንደ ዴማር በቋሚነት ይሰፋል። ልቡም እንዲሁ። ሰው ተቀምጦ ሳለ በደቂቃ አምስት ሊትር ያህል ደም ይፈልጋል። ያልለመደ ልብ ይህን ለማድረስ 70 ጊዜ ይመታል፤ የሰለጠነ ልብ 40 ጊዜ ብቻ መትቶ ያደርሳል፣ በአንድ ትርታ የሚልከው ብዙ ነውና። በየደቂቃው 30 ትርታ ማረፍ በቀን ከ43,000 በላይ ይሆናል። ሄንሸን በጣቱ ያንኳኳው ይኼንን ነበር።

ሌላው ከፊሉ መልስ እ.ኤ.አ. በ1986 ከአሜሪካ፣ ከዱክ ዩኒቨርሲቲ መጣ። ሙሪ፣ ጄኒንግስና ራይመር የውሻ ልብ የሚመግብ ሥር ለ40 ደቂቃ ዘጉ፤ የልቡ ሥጋ ሞተ። በሌሎች ውሾች ላይ ግን አስቀድመው ሥሩን አራት ጊዜ ለአምስት አምስት ደቂቃ እየዘጉ፣ በመካከሉ እያሳረፉ፣ ከዚያ ለ40 ደቂቃ ዘጉት። የሞተው ሥጋ ወደ ሩብ ወረደ። ትንሽ ችግር ቀምሶ ያረፈ ልብ ትልቁን ችግር ችሎት አደረ። «ያረፈ» የሚለውን ልብ ይሏል፤ ዕረፍቱ ከሙከራው ከተወገደ የሚቀረው መታነቅ ብቻ ነው።

ደጋው ራሱ ምን ያደርጋል የሚለውን ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ2002 ከሰሜን ተራራ አመጣችው። በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎች ደም እንደ አንዲስ ሰዎች አልወፈረም፤ ሄሞግሎቢናቸውም የኦክስጅን ይዘታቸውም እንደ ባሕር ወለል ሰው ሆኖ ተገኘ። ደሙ ካልወፈረ ልብ ለመግፋት አይደክምም። በዓመቱ ደግሞ የግላስጎው ተመራማሪዎች በ114 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አትሌቶች ላይ ያደረጉት ጥናት ወጣ፦ ከማራቶን ሯጮቹ 73 በመቶው የአርሲና የሸዋ ልጆች ነበሩ፤ ከሌላው ሰው ይልቅም ሩቅ ትምህርት ቤት በሩጫ የተመላለሱ።

ከእነዚያ የሸዋ መንገዶች አንዱ በጄልዱ ያልፋል፣ ከጊንጪ ወደ ሰሜን በሚወጣው ደጋ። በ1982 ዓ.ም. እዚያ የተወለደው ፈይሳ ሌሊሳ በ20 ዓመቱ ሮተርዳም ላይ በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ ሁለተኛ ሆኖ መስመሩን ሲያቋርጥ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አመሳቀለ፤ በአገር ቤት ስለሚገደሉት ሰልፈኞች የተቃውሞ ምልክት ነበር። አገሩ የተመለሰው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። የሱ ልብ ምን እንደሆነ መርምሬ አላውቅም፤ ግን ሁለት ዓይነት ጭንቀት በአንድ ሰው ላይ እንዲህ ጎን ለጎን ቆሞ ያየሁት በዚያ ምስል ነው። አንደኛው 42 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያልቃል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይታረፋል። ሁለተኛው መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ልብን የሚያጠነክረው የመጀመሪያው ነው፤ የማያባራው ጭንቀት ግፊት ያመጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ የሴልዬ ሦስተኛ ደረጃ ይሆናል።

ውሃውስ? ውሃውም ቢሆን በመጨረሻ ተሟገተ። እ.ኤ.አ. በ2015 የፊንላንድ ሐኪሞች 2,315 ወንዶችን ከ20 ዓመት በላይ ተከታትለው፣ በሳምንት አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ሳውና የሚገቡት አንድ ጊዜ ብቻ ከሚገቡት ይልቅ በድንገተኛ የልብ ሞት የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ አንሶ አገኙት። በ2016 ኦሪጎን ውስጥ ስፖርት የማይሠሩ ወጣቶች ለስምንት ሳምንት ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነከሩ፤ የደም ሥራቸው ለሰሰ፣ ግፊታቸው ቀነሰ። ሙቀትም እንደ ዳገት ነው፦ ልብን ያስቸኩላል፣ ደሙን ወደ ቆዳ ይገፋል፣ ያቺን ስስ ሽፋን ያፋትጋል። ስለዚህ የአምቦ ፍል ውሃ ስሙን በከንቱ አላገኘም። የጠርሙሱ ግን ሌላ ነው፤ ከክትፎ በኋላ ግሳት ቢያመጣ እንጂ ልብ አያሠለጥንም።

የአሽከሩ መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው። አምቦ ውስጥ ከገበያ እስከ ዩኒቨርሲቲው ባጃጅ አለ፤ ሁለት ማቆሚያ ለመሄድ እጁን የማያወጣ ወጣት ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ከዚህ ቀድማ ሄዳለች፦ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከአዋቂ ወንዶቿ 31.5፣ ከሴቶቿ 28.9 በመቶው የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከተማው በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብሎ ጎዳናዎቹን ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛ መክፈት የጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሩጫ ሁሉን እንደማይፈውስም መናገር ይገባል፤ በየገጠሩ ልጆችን የሚገድለው የልብ በሽታ በአመዛኙ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣው ነው፤ ለሱ ፔኒሲሊን እንጂ ዳገት መድኃኒት አይሆነውም።

ባለፈው ጥር ከአምቦ ወደ ወንጪ ወጥቼ ነበር። ከሐይቁ ዳር ወደ አፋፉ ስመለስ ፈረስ የሚያከራይ ልጅ ተከተለኝ። «ጋሼ፣ ፈረስ ይሻልዎታል» አለኝ፤ እምቢ አልኩ። እሱ ፈረሱን እየሳበ፣ እኔ እያለከለክሁ ላይ ደረስን። አንገቴን ይዤ ስቆጥር 152 ሆነ። የልጁን የእጅ አንጓ ለመንሁትና ሰጠኝ፤ 88። ሁለት ደቂቃ ጠብቀን እንደገና ቆጠርን፦ እኔ 118፣ እሱ 62። ቁጥሩን ስነግረው ሳቀና «ታዲያ የኔ ሰነፍ ነው ማለት ነው?» አለኝ። ላስረዳው ስጀምር ከታች ከጀልባው የሚወርዱ እንግዶች አየ፤ ፈረሱን አዙሮ ያንኑ ቁልቁለት በሩጫ ወረደው።